ሳንቲሙን ያበላሸው ፋብሪካው ነው ወይስ እኛ?

ሳንቲም እንደምሰበስብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ፎቶ ይልክልኛል። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ፣ ድሮ አብረን የሠራን ልጆች ከዚሁ ከሜሪላንድ፣ አንዳንዴም በሰው በሰው ስልኬን ያገኙ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ይሄ ስንት ያወጣል?» ፎቶው ላይ ያለው ሳንቲም ወይ ጠርዙ ተጨፍልቋል፣ ወይ ቀለሙ ተለውጧል፣ ወይ ፊደሉ ጠፍቷል። ቲክቶክ ላይ አንዱ «ይሄ ያለው ሰው ሀብታም ነው» ሲል ሰምተው ነው። ብዙ ጊዜ የምሰጠው መልስ አያስደስታቸውም። ሳንቲሙ የሚያወጣው በላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው።

ግን መልሱን ወርውሬ መሄድ አልወድም። ለምን እንደሆነ ማሳየት እፈልጋለሁ። ለምኑን ያወቀ ሰው ሁለተኛ እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እውነተኛው አንድ ቀን እጁ ቢገባ አያልፈውም። እውነተኛው አለ። ከፋብሪካ ተሳስቶ የወጣ፣ ሰው ሳያየው ገበያ የገባ፣ ዛሬ ቤት የሚያስገዛ ሳንቲም አለ። ችግሩ በዚያ በአንዱ ስም የሚሸጠው ቆሻሻ መብዛቱ ነው።

ሰው ሳንቲም አንስቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከሌሎቹ ይለያል ወይ?» ብሎ ነው። በዚህ ከሄድን ኪሳችን ውስጥ ያለው ሁሉ ይለያል። ሰላሳ አርባ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ አስፋልት ላይ ወድቆ መኪና የሄደበት፣ አፈር ውስጥ የከረመ፣ እሳት ያየ ሳንቲም እንዴት እንደ አዲሱ ይሆናል? እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄ ነገር የትኛው የአሠራር ደረጃ ላይ ሊደርስበት ይችላል? ደረጃውን በስሙ መጥራት ካልቻልኩ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ጉዳት ነው።

ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው። ብዙም አይከብድም። ረጅም የብረት ጥቅልል ይመጣል፣ መብሻው ክብ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ክቡ ገና ልሙጥ ነው። በእሳት ይለሰልሳል፣ ይታጠባል። ቀጥሎ ጠበብ ባለ ቦታ እየተሽከረከረ ሲያልፍ ዙሪያው ይጫንና ጠርዙ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ መምቻው ጋ ይደርሳል። እዚያ ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸባቸው ሁለት ጠንካራ ብረቶች አሉ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ማኅተም ልበላቸው። ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ ደግሞ ዙሪያውን ቀለበት ይይዘዋል። ማኅተሞቹ በከባድ ጉልበት ሲገጥሙ ብረቱ ወደ ጎድጓዳ ቦታዎቹ ይገባል። ምስሉ የሚወጣው በዚህች ቅጽበት ነው። ሳንቲሙ ተገፍቶ ይወድቃል፣ አለቀ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ። ማኅተሙ ላይ የጎደጎደው ሳንቲሙ ላይ ያብጣል። ማኅተም ስንትና ስንት ጊዜ ሲመታ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጎድጓዳ ስለሆነ ብረት ይገባበታል፣ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ ቀጭን መስመር ከፍ ብሎ ይወጣል። የማኅተሙ ዳር ተሸርፎ ከወደቀ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሳንቲሙ ምስል የሌለው ልሙጥ እብጠት ይዞ ይቀራል፣ ሰብሳቢዎች በጣም ይወዱታል። ጭረት ግን ተቃራኒው ነው። ሚስማር ወይ ቁልፍ ሳንቲሙን ሲጭር ብረቱን ይገፋዋል፤ መስመሩ ወደ ታች የገባ ነው፣ ከግራና ከቀኝም የተገፋው ብረት ትንሽ ቆሞ ይታያል። በዓይን አይለይም ያለኝ ሰው ብዙ ነው። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አምጡት። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅ እዩ። ያበጠና የጎደጎደ ነገር ጥላቸውን በተቃራኒ በኩል ነው የሚጥሉት፣ ለማየት ደግሞ አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሂድ፣ እሱም ቅደም ተከተል ነው። ምስሉ ከመመታቱ በፊት የነበረ ጉድለትና ከተመታ በኋላ የመጣ ጉድለት አንድ ዓይነት ምልክት አይተዉም። የተገመጠ የሚመስል ሳንቲም እንውሰድ። ሊጥ ዳምጣችሁ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ስትቆርጡ፣ ብርጭቆውን ቀድሞ በወጣው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ደርባችሁ ብታሳርፉት ጨረቃ የመሰለ ጉድለት ያለው ክብ ይወጣል። ፋብሪካም ውስጥ የሚሆነው ይሄው ነው። ጥቅልሉ በሚገባው ልክ ሳይገፋ ሲቀር መብሻው ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ያ ጎዶሎ ክብ እንግዲህ ጠርዝ ማንሻው ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያም ተመትቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጉድለቱ አጠገብ ያሉትን ፊደሎች ስታዩ ወደ ባዶው ቦታ ሲጠጉ ይሳሳሉ፣ ይለጠጣሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ ብረቱ የሚደገፍበት ስላጣ ወደ ጎዶሎው ፈሷልና። ሰው በመቀስ ወይ በሞረድ የቆረጠው ከሆነ ፊደሉ ሙሉ ሆኖ መጥቶ ወገቡ ላይ ድንገት ይቋረጣል።

ሌላም ምልክት አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ከጉድለቱ ትይዩ ያለውን ጠርዝ እዩ። ጠርዝ ማንሻው ክቡን ከሁለት ወገን ነው የሚጫነው። በአንዱ ወገን ብረት ከሌለ ማዶ ያለውም በቂ ጫና አያገኝም፣ ስለዚህ እዚያ ጠርዙ ደከም ብሎ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጠፍቶ ይወጣል። ሁሉም ላይ አይታይም፤ ከታየ ግን ትልቅ ምስክር ነው። አጭበርባሪ ጉድለቱን ሲቆርጥ ማዶ ስላለው ጠርዝ አያስብም። ሚዛን ደግሞ እዚህ ላይ አይረዳንም፣ ሁለቱም ይቀልላሉ።

ሚዛን የሚረዳበት ሌላ ቦታ አለ። እሱን በሰው ታሪክ ብነግራችሁ ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳንቲም መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝና ከኮታቸው ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የ1943 ፔኒ ነው፣ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም፣ ቀለሙ መዳብ።

«ልጄ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ። ሰውየው የመዳቡ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ» አሉ።

ታሪኩን ለማታውቁ፣ በ1943 አሜሪካ ጦርነት ላይ ስለነበረች መዳቡ ለጥይት ተፈለገና ፔኒ ዚንክ ከተለበጠ ብረት ተሠራ። ነጭ ነው ቀለሙ። ግን ካለፈው ዓመት የተረፉ ጥቂት የነሐስ ክቦች ዕቃ ውስጥ ቀርተው ከአዲሶቹ ጋር ተመቱ። እነዚያ ናቸው የሚፈለጉት። ከእነሱ አንዱ፣ ዴንቨር የተመታው፣ በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ ተዘግቧል። ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ተራውን የብረት ፔኒ መዳብ ቀብቶ ይሸጣል።

የቁልፌ መያዣ ላይ ትንሽ ማግኔት አለች። አወጣሁና ሳንቲሙ አጠገብ አደረግኋት። ጠቅ ብሎ ተለጠፈ። ነሐስ ማግኔት አይዘውም። ለማረጋገጥ ቤት ወስጄ በሚዛን አየሁት፤ የብረቱ ፔኒ 2.70 ግራም፣ የነሐሱ 3.11 ግራም ነው መመዘን ያለበት፣ የእሳቸው ከመጀመሪያው ወገን ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የተቀባ ነው» ስላቸው ብዙም አልተናገሩም። ስንት እንደከፈሉበት እዚህ አልጽፍም። ለጡረተኛ ግን ብዙ ነው፣ እስከ ዛሬም ያናድደኛል። ይሄን ጽሑፍ ከጻፍኩባቸው ምክንያቶች አንዱም እሱ ነው።

ማግኔት ሁሉን አይፈታም። የ1948ን ፔኒ 8 ግራ ጎኗን ፍቆ 3 የሚያደርግ አለ። እሱ እውነተኛ ነሐስ ነው፣ ማግኔት አይዘውም፣ ክብደቱም ልክ ነው። እዚያ ላይ ቁጥሯን በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። የ1943 ቁጥር 3 ጅራቷ ረጅም ነው፣ ከሌሎቹ ቁጥሮች መስመር ወርዳ ነው የምታልቀው። ከ8 የተሠራችው 3 ያን ጅራት ከየት ታመጣለች? ከዚያም በላይ ፍቅፋቂው ባለበት ቦታ የብረቱ ገጽ ሌላ ቦታ ካለው ጋር አይመሳሰልም።

መሣሪያ መግዛት ካሰባችሁ እንግዲህ ሦስቱ ይበቃሉ። አሥር እጥፍ የሚያሳይ አጉሊ መነጽር፣ ግራምን እስከ መቶኛ የሚያነብ ትንሽ የወርቅ ሚዛን፣ ማግኔት። ስልክ ካሜራ አጉሊ መነጽርን አይተካም፣ ምክንያቱም ስልክ ምስሉን ራሱ ያሳምረዋል፣ የሌለ ጥላ ይጨምራል፣ ያለውን ያለሰልሳል። በተላከልኝ ፎቶ ብቻ «እውነተኛ ነው» ብዬ የማልምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ድርብ ፊደል። በሰው ዘንድ ትልቁ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው፣ ትልቁም ተስፋ እዚህ ነው።

የ1955 የፊላደልፊያ ፔኒ ዝነኛ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረትና ጽሑፍ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ያለ መነጽር እንኳ። ከ20,000 እስከ 24,000 የሚሆኑት ገበያ እንደገቡ ይገመታል። ብዙዎቹም በሲጋራ መሸጫ ማሽን በኩል መልስ ሆነው ሰው እጅ ገቡ ይባላል። ይህ እንዴት ሆነ? ማኅተሙ ራሱ ከሌላ ዋና ቅርጽ ተጭኖ ነው የሚሠራው፣ በዚያ ዘመን ደግሞ በአንድ ጭነት አያልቅም፣ እንደገና ይጫናል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ትንሽ ዞረ። በቃ፣ ማኅተሙ ድርብ ሆኖ ተወለደ። ከዚያ በኋላ በዚያ ማኅተም የተመታ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብነት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ይዞ ወጣ። ጀርባው ግን ደህና ነው፣ ምክንያቱም የጀርባው ማኅተም ሌላ ነው።

ሰዎች የሚልኩልኝ ድርብ ፊደል ግን አብዛኛው ሌላ ዓይነት ነው። መምቻው ላይ ማኅተሙ ላላ ብሎ ሲገኝ ምስሉን ካተመ በኋላ ሸርተት ይልና የፊደሉን ጎን ይላጨዋል። ይሄ በየቀኑ የሚደርስ ነው፣ ገንዘብ አያወጣም። ልዩነቱን ለማየት አንድ ፊደል ብቻ መርጣችሁ ቆዩበት። ዓይናችሁ ሳንቲሙ ሁሉ ላይ ከተራወጠ ሁሉም ድርብ ይመስላችኋል። ፊደሉ ጎን ያለው ሁለተኛ ምስል ጠፍጣፋ፣ ዝቅ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ደረጃ ከመሰለ ተላጭቷል ማለት ነው። ዋናው ፊደልም ከወትሮው ቀጥኗል፤ ደረጃው የተሠራው ከእሱ ሥጋ ተወስዶ ነውና። እውነተኛው ድርብ ላይ ግን ሁለቱም ምስሎች ክብ ብለው ቆመዋል፣ ከፍታቸውም ተቀራራቢ ነው፣ ፊደሉ እንዲያውም ወፍሯል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሁለቱ የሚለያዩበት ትንሽ ስንጥቅ ይታያል። የቀጠነ ወይስ የወፈረ? ይሄን ብቻ ብትጠይቁ ከሚላክልኝ ፎቶ አብዛኛው ሳይላክ ይቀር ነበር።

የ1955 ራሱ ሌላ ወንድም አለው፣ ማኅተሙ አርጅቶ የመጨረሻዋ 5 ጥላ ያበጀችበት። «የድሃው ድርብ» ይሉታል አሜሪካኖቹ። ዓመቱ አንድ፣ ድርብነትም ያለ ይመስላል፣ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር ነው።

የጠፋ ፊደልም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ማኅተሙ ጎድጓዳ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ሲሞላ ብረት አይገባም፣ ፊደሉ አይወጣም። በ1922 ፔኒ የመታችው ዴንቨር ብቻ ናት፣ ስለዚህ የዚያ ዓመት ፔኒ ሁሉ የዴንቨር ምልክት የሆነችው ዲ (D) ፊደል ልትኖረው ይገባል። ማኅተሞቹ አርጅተውና ተሞልተው ዲዋ ሳትወጣ የቀረችባቸው አሉ፣ ውድ ናቸው። እና ምን ይሆናል? ሰው ዲዋን ይፍቃል። የተፈቀ ቦታ ላይ በመነጽር ጥቃቅን ጭረት አለ፣ ወይም ጎድጎድ ይላል። በቅባት የጠፋው ቦታ ላይ ግን ገጹ ከአካባቢው ጋር አንድ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የወፈረ፣ ዙሪያው ከወትሮው ያነሰ፣ ፊደሎቹ ጠርዙ ሥር የገቡ ሳንቲም ካያችሁ፣ ትልልቅ ልብስ ማድረቂያ ውስጥ ተቀርቅሮ ለሳምንታት የተንከባለለ ነው። ሰው «በሌላ ክብ ላይ የተመታ» ይለዋል፣ ግን ክብደቱ ያው ስለሆነ አይደለም። አንድ ሳንቲም ላይ የሌላ ሳንቲም ፊደል ተገልብጦ ከታየ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳንቲም ሞርሳ ውስጥ አንድ ላይ ተጨምቆ ነው። የመጀመሪያው ምስል ከሥር ተጨፍልቆም ቢሆን መኖሩ ያጋልጠዋል። ሁለት ራስ ያለው ኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንቲም) የአስማተኞች ዕቃ ነው፣ ከሁለት ሳንቲም ተቦርቡሮ የተገጠመ። ከጠርዙ ውስጥ በኩል መገጣጠሚያውን ፈልጉ። ከ1982 ወዲህ ፔኒ 97.5 በመቶ ዚንክ ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ ስለሆነ አረፋ ያወጣል፣ ከተጫረ ደግሞ ይበላል። አረፋው እንደ እውነቱ ከሆነ ከፋብሪካ የመጣ ነው፣ ግን በጣም ስለበዛ ማንም አይገዛውም። የፋብሪካ ስህተት ሁሉ ዋጋ አለው ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታወቃል። ቡናማ የሆነ ኳርተር ግን ቆም ብላችሁ መዝኑት። ኳርተር መሐሉ መዳብ፣ ሁለት ጎኑ መዳብና ኒኬል ነው፣ 5.67 ግራም። አንዱ ጎን ብቻ ቀይ ከሆነና ክብደቱም በግልጽ ከቀነሰ አንዱ ንጣፍ ሳይለበጥ የቀረ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ጥሩ ነገር ነው። ክብደቱ ሙሉ ከሆነ አፈር ነው ያጠቆረው።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ የ20 ፔንስ ሳንቲማችሁን እዩ። በ2008 ንድፉ ሲቀየር ዓመተ ምሕረቱ ከጀርባ ወደ ፊት ተዛወረ። ፋብሪካው የድሮውን የፊት ማኅተም ከአዲሱ የጀርባ ማኅተም ጋር አጣመረና ዓመተ ምሕረት በየትም በኩል የሌለው ሳንቲም ወጣ። ከ50,000 እስከ 200,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። ይሄ ሳንቲም ምኑም አልተበላሸም፣ ንጹሕ ነው። ለዚህ ነው የተቆራረጠ ነገር ብቻ መፈለግ የማይበቃው።

የአገራችንን ሳንቲም በተመለከተ ብዙ ስለምጠየቅ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጃንሆይ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር 1936 የሚል የተጻፈበትን መዳብ ስሙኒ ታውቁት ይሆናል፣ ዙሪያው ሞገድ ሞገድ ያለውን። መጀመሪያ የወጣው ክብ ሆኖ ነበር። ግን ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለተመሳሰለ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተሰበሰበና ዙሪያው ሞገድ ያለው ተተካ። ስለዚህ ክብ ስሙኒ ስታገኙ ጠርዙን ሰው የሞረደው አይደለም። ሞገድ ካላቸው ውስጥም አቆራረጡ ሸካራ የሆነ አለ፣ የተስተካከለ አለ። ሸካራው ለማያውቅ ሰው በሞረድ የተበላ ይመስላል። ሁለቱም ግን በሕግ የወጡ ገንዘቦች ናቸው። ጉዳት የሚመስል ነገር ጉዳት የማይሆንበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፣ ደግሞም የራሳችን ነው። በነገራችን ላይ 1936 የሚለው ዓመት ለብዙ ዓመታት ሳይቀየር ስለተመታ፣ ሳንቲሙ የግድ በ1936 የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ጠገራ ብርም ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ በየአገሩ 1780 እየተባለ ነው የተመታው።

የምኒልክ ሳንቲሞች ላይ አንበሳው አንዳንዱ ግራ እግሩን፣ አንዳንዱ ቀኝ እግሩን አንስቷል። ስህተት አይደለም፣ ሁለት ንድፍ ነው። የ1969 ሳንቲሞች ላይም የአንበሳው አገጭ ላይ ያለው ጢም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ላይ ግራ በኩል ሁለት ረጃጅም ጢሞች ወርደው ዓመተ ምሕረቱን ሊነኩ ይደርሳሉ፣ ሌላው ላይ እኩል ናቸው። ይሄም የማኅተም ልዩነት ነው። «ጢሙ የረዘመው ሚሊዮን ያወጣል» ያላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። አንዳንዱ አምስት ሳንቲም ማግኔት ይይዘዋል፣ አንዳንዱን አይዘውም። የድሮው ናስ ነበር፣ በኋላ ናስ የተለበጠ ብረት መጣ። ዝናብና ላብ ሲያገኘው ልባጩ ይነሳል፣ ከሥሩ ዝገት ይወጣል። እሱ ዝገት ብቻ ነው።

የምኒልክ ብር ላይ ግን ከገበያው ጋር የማልስማማበት ነገር አለኝ። አያቶቻችን ብሩን ለአንገት ጌጥ ያደርጉት ነበር፣ አንጥረኛው ጫፉ ላይ ጆሮ ይበይድበታል ወይ ይበሳዋል። ሰብሳቢው ይሄን ጉዳት ብሎ ዋጋውን ይቀንሰዋል። እንደ ሳንቲም ከሆነ ልክ ነው፣ ከተመታ በኋላ የመጣ ነው። ግን ያ ብየዳ አንዲት ሴት በሠርጓ ቀን አንገቷ ላይ ያዋለችውን ነው የሚናገረው። ጆሮውን አስነቅለው፣ ቀዳዳውን አስደፍነው፣ አስወልውለው የሚሸጡ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ዋጋውም አይጨምርም፣ የተደፈነ ቀዳዳ በመነጽር ወዲያው ይታያል። እንዲያውም ማንኛውንም ሳንቲም አትወልውሉ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ የነካው ገጽ ተመልሶ አይመጣም። እውነተኛ ስህተት እንኳ ቢሆን ከተወለወለ በኋላ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል።

ባለሙያ ጋ ልኮ ማስመርመርስ? አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚሠሩ የታወቁ ድርጅቶች አሉ፣ ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ ዋናዎቹ ናቸው። ሳንቲሙን መርምረው አሽገው ይመልሳሉ። ግን ያስከፍላሉ፣ ፖስታውም አለ። ስለዚህ ስህተቱ የደረሰበትን የአሠራር ደረጃ በስሙ መጥራት የምትችሉትን ብቻ ላኩ። «ምናልባት» ብላችሁ የምትልኩት ክፍያውን አይመልስም።

ከድርቡ ፔኒ ታሪክ ውስጥ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። ማኅተም ላይ ያለ ስህተት ይደጋገማል። አንድ ማኅተም ከተሰነጠቀ በኋላ የመታቸው ሁሉ ያንን ስንጥቅ ይይዛሉ። ጉዳት ግን አይደጋገምም። ሁለት ሳንቲም መሬት ላይ ወድቀው አንድ ዓይነት ቦታ፣ በአንድ ዓይነት አቅጣጫ፣ በአንድ ዓይነት ርዝመት አይጫሩም። ስለዚህ ለተጠራጠራችሁት ሳንቲም ከሁሉ የተሻለው ምስክር መንትያው ነው።

እኔም አሁን አንድ መንትያ እፈልጋለሁ። ፲፱፻፷፱ የሚል ሽልንግ አለኝ፣ እናቴ መሳቢያ ውስጥ ከነበሩት አንዱ። ከአንበሳው ጎፈር ኋላ ተነስቶ ወደ ጠርዙ የሚሄድ ቀጭን መስመር አለው። በጎን መብራት ሳየው መስመሩ ያበጠ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስም አይቋረጥም፣ ይወጣበታል። ቀጥ ያለም አይደለም፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ስንጥቅ እንደዚያ ነው የሚሄደው። የማኅተም ስንጥቅ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሁለተኛ እስካላይ ግን አልምልም። ቤታችሁ የ1969 ሽልንግ ካለ አውጡና አንበሳው ያለበትን ጎን እዩልኝ። መስመሩን ካገኛችሁት ሳትወለውሉት፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ መብራቱን ከግራ በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ መብራቱን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ሌላ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ።